ያውቁ ኖሯል? ካሴት ተከራይቶ ፊልም ማየት

እንደ መቀሌው ዓይደር ባሉ ሰፈሮች ዲሽና ኢንተርኔት ከመስፋፋታቸው በፊት፣ የቆየ ፊልም ማየት የሚሻ ሰው ወይ ከአከራይ ሱቅ ካሴት ይወስድ ነበር፣ ወይም ተመልካች ጥቂት ከፍሎ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ወደሚያይበት ክፍል፣ ማለትም ወደ ቪዲዮ ቤት ይሄድ ነበር። በብዛት የሚከራየው ቪኤችኤስ የሚባለው፣ የጃፓኑ ጄቪሲ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ያቀረበው ካሴት ሲሆን፣ በጠርዙ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ከተሰበረች በላዩ መቅዳት አይቻልም፤ ቀዳዳው በፕላስተር ሲሸፈን ግን እንደገና ይቀዳል።

በቪዲዮ መደብር ሥራ እጅግ የሚያኮራው የኢትዮጵያዊ አሻራ ያለው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ጎንደር የተወለዱት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣውን «ሳንኮፋ» የተሰኘ ፊልማቸውን በአሜሪካ የሚያከፋፍልላቸው ሲያጡ፣ ከባለቤታቸው ከሺሪኪያና አይና ጋር ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት፤ በኋላም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አቅራቢያ በፊልሙ ስም የቪዲዮና የመጻሕፍት መደብር ከፈቱ።

የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ ያመርት የነበረው፣ እስከሚታወቀው የመጨረሻው ኩባንያ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ምርቱን ስላቆመ፣ በቤቱ የአማርኛ ወይም የትግርኛ ፊልም ካሴት ያለው ሰው የሚሠራ ማጫወቻ ሳይጠፋ ወደ ዲጂታል ያስገልብጠው።