ያገለገለ ፒካፕ ሞተሩ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?

ፒካፕ ሊገዛ የወጣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ዳሽቦርዱ ላይ ነው። «180,000 ብቻ ነው የሄደው» ሲባል ልቡ ይረጋጋል። ቁጥሩ ወደ ኋላ የተመለሰ ሊሆን ይችላል፤ ትክክለኛ ቢሆን እንኳ የሚናገረው ግማሹን ነው። በወጉ የተያዘ የናፍታ ሂሉክስ ሞተሩ ሳይወርድ 400,000 ማለፉ እንግዳ ነገር አይደለም። ችላ የተባለው ደግሞ 200,000 ሳይሞላ ጋራዥ ሊተኛ ይችላል።

እኩል 300,000 ኪሎ ሜትር የሄዱ ሁለት መኪኖችን እንውሰድ። በአማካይ በሰዓት 60 እየሄደ አገር አቋራጭ የሠራው ሞተሩ 5,000 ሰዓት ዞሯል። በአዲስ አበባ መጨናነቅ በአማካይ 20 ሲጓዝ የኖረው ግን 15,000 ሰዓት። የሁለቱም ዘይት የሚቀየረው በኪሎ ሜትር ተቆጥሮ ከሆነ፣ የከተማው በአንድ ዘይት ሦስት እጥፍ ሰዓት ሠርቷል ማለት ነው። ጥላሸት የጠገበ ዘይት ብሮንዚናውንና የፒስተን ፋሻውን ከመፋተግ አያድንም።

እኔ ከሁሉ የምፈራው ግን ሙቀትን ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የሞተር የዘወትር ሙቀት ደግሞ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ግፊት አምቆ የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ነው። የክዳኑ ጎማ ካረጀ፣ ወይም በኩላንት ፋንታ የቧንቧ ውሃ እየተሞላ ራዲያተሩ በዝገት ከተደፈነ፣ መኪናው ጭኖ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ሲወጣ ይግላል። አንዴ ክፉኛ የጋለ ሞተር ቴስታታው ሊጣመም፣ ጓርኒሲዮኑ ሊበላ ይችላል። ይህን የትኛውም የኪሎ ሜትር ቁጥር አያሳይም።

ስለዚህ መኪናውን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይዩት። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይቅጠሩት። የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ፦ ውሃው የዝገት መልክ ካለው ወይም ዘይት ከሰፈፈበት ጥሩ አይደለም። የዘይቱ ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካለ ውሃ ከዘይት ጋር ሳይገናኝ አልቀረም። የዘይቱ መጥቆር ግን አያስደንግጥዎ፤ የናፍታ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀን ይጠቁራል። ከዚያ ያስነሱት። ሰማያዊ ጭስ ካላቋረጠ ዘይት እያቃጠለ ነው። ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ ነጭ ጭስ፣ በተለይ ውሃው የሚጎድል ከሆነ፣ የጓርኒሲዮን ምልክት ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ሲያላሉት በኃይል የሚተነፍስ ከሆነ ፋሻው አልቋል።

እነዚህን ሁሉ ያለፈ መኪና እንኳ፣ የድሮው 5ኤል ወይም 2ኬዲ የሚባለው የሂሉክስ ሞተር ያለው ከሆነ፣ የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ይጠይቁ። ለ5ኤል በ100,000፣ ለ2ኬዲ በ150,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ ከተበጠሰ ፒስተኑ ከቫልቮቹ ጋር ይጋጫል። ማስረጃ ከሌለ የቺንጋውን ወጪ ከዋጋው ላይ ያስቀንሱና፣ መኪናው ወደ ክፍለ ሀገር ሳይወጣ ያስቀይሩት።