ከልስኑ ሥር ያለው ቤት

ቦንጋ ውስጥ ያረጀ መኖሪያ ቤት ሲባል በአብዛኛው የእንጨትና የጭቃ ቤት ማለት ነው። ሲታደስ የሚደረግለትም የታወቀ ነው፤ ግድግዳው በሲሚንቶ ይለሰናል፣ ኮርኒስ ይገባለታል፣ የዛገው ቆርቆሮ ይለወጣል፣ ቀለም ይቀባል። ከተማዋ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አንዷ መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ቤት ፈላጊው በዝቷል፤ አሮጌውን ማደስ ደግሞ አዲስ ከመሥራት ይረክሳል። እንዲህ የታደሰ ቤት ለሚኖርበት ሰው አደጋ እንደሌለው በምን ይታወቃል? ለዚህ በመጀመሪያ ቤቱ በምን እንደቆመ ማወቅ ያስፈልጋል።

የጭቃ ቤትን ጣሪያ የሚሸከመው ጭቃው አይደለም። ጣሪያው ያረፈው መሬት ውስጥ በተቀበሩት ቋሚዎች ላይ ነው። ማገሩ ቋሚዎቹን ጎን ለጎን ያያይዛል፤ በጭድ የቦካው ጭቃ ክፍተቱን ሞልቶ ነፋስና ብርድ ይከላከላል። ስለዚህ የቤቱ ዕድሜ የሚወሰነው በቋሚው እግር፣ ይልቁንም ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት አንድ ስንዝር ላይ ነው። ጠልቆ የተቀበረው ጫፍ አየር ስለሚያጥረው ቶሎ አይበሰብስም፤ ከፍ ብሎ ያለውም ይደርቃል። አፈሩ ገጽ ላይ ግን እርጥበትና አየር አንድ ላይ ይገኛሉ፤ እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ምስጥም የሚገባው በዚያው በኩል ነው።

እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ በቁጥር ማየት ይቻላል። ቦንጋ የምትገኝበት ካፋ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል፤ ወቅቱም ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 8 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ ጣሪያ እንግዲህ በዓመት 72,000 ሊትር ያወርዳል። ወደ ሁለት ጎን የሚያፈስ ከሆነ ለእያንዳንዱ ጎን 36,000 ሊትር ይደርሰዋል። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ ውሃ የሚያርፈው ከግድግዳው ጥቂት ራቅ ብሎ ነው፤ መሬቱን ይቦረቡራል፣ ተፈናጥሮም የግድግዳውን እግር ያረጥባል። የሳር ክዳን በነበረ ጊዜ የጣሪያው ጠርዝ ረዝሞ ውሃውን አርቆ ይጥል ነበር፤ በቆርቆሮ ጊዜ ጠርዙ አጠረ።

ያልተለሰነ የጭቃ ግድግዳ ሲረጥብ ውሃ ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ያወጣዋል። የሲሚንቶ ልስን ይህን ይለውጠዋል። ሲሚንቶ ደረቅና ግትር ነው፤ ጭቃና እንጨት ደግሞ ሲረጥቡ ያብጣሉ፣ ሲደርቁ ይኮማተራሉ። ሁለቱ እኩል ስለማይንቀሳቀሱ ልስኑ እንደ ፀጉር በቀጠኑ ስንጥቆች ይሰነጠቃል። ውሃ በስንጥቁና ከመሬት ወደ ላይ ይገባል፤ እንደ ቀድሞው በግድግዳው ፊት ሁሉ መውጣት ግን አይችልም። ፊቱ ነጭና ንጹሕ ሆኖ ሳለ ቋሚው ከውስጥ ይበሰብሳል። የእድሳት ትልቁ ችግር ይህ ይመስለኛል፤ ጉዳቱን ያፋጥናል፣ ምልክቱንም ይሸፍናል።

ሆኖም ምልክቱ ፈጽሞ አይጠፋም። የልስኑን ታችኛ ክፍል በጣት ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከግድግዳው ተላቋል ማለት ነው። እግሩ በተገለጠ ቋሚ ላይ ሚስማር ሲጫኑ ጤነኛው እንጨት ጫፉን ብቻ ይቀበላል፤ የበሰበሰው እንደ እርጥብ ቆጮ ይውጠዋል። ቱንቢ ሲንጠለጠል ግድግዳው ማዘንበሉን ያሳያል። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ አንደኛው የቤቱ ወገን እየሰመጠ መሆኑን ሊጠቁም ይችላል፤ ተዳፋት ላይ በተሠራ ቤት ይህ ችላ አይባልም። የስንጥቁ ሁለት ጫፎች በእርሳስ ተሰምረው ቀኑ ከተጻፈበት፣ ከክረምቱ በኋላ ማደጉ ወይም መቆሙ ይለያል።

የኤሌክትሪኩ ነገር ሌላ ነው። አሮጌ ቤት ሽቦ ሲዘረጋለት የታሰበው ምናልባት ለሁለት አምፖል ነበር። ሁለት ባለ 60 ዋት አምፖሎች በ220 ቮልት ግማሽ አምፒር ያህል ይስባሉ፤ አምፒር የኮረንቲው ብዛት መለኪያ ነው። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ ግን 16 አምፒር ገደማ ይስባል። ሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በኮረንቲው ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ ኮረንቲው 30 ጊዜ ያህል ሲጨምር ሙቀቱ ከ800 ጊዜ በላይ ይጨምራል። ፊውዝ የተሠራው ሽቦው እንዲህ ከመጋሉ በፊት ራሱ ተቃጥሎ እንዲያቋርጥ ነው። በተቃጠለው ፊውዝ ቦታ ወፍራም ሽቦ ከታሰረ ግን የሚቀልጠው በኮርኒሱ ላይ ያለው፣ በፕላስተር የተጠቀለለው መጋጠሚያ ይሆናል። እሱን ደግሞ ማንም አያየውም።

ኮርኒስ ሌላም ነገር ይዘጋል። በአሮጌው ቤት በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ክፍተት ነበር፤ ጭሱ የሚወጣው በዚያ ነው። የከሰል ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ቡና ከተጠጣ በኋላ ፍሙ ያልጠፋ ማንደጃ ለብርዱ ተብሎ መኝታ ቤት ሲገባ፣ ቀድሞ ክፍተቱ ያቃልለው የነበረው አደጋ በታደሰው ቤት ውስጥ ታምቆ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ማን ያያል? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር። ከመግባት በፊት የመጠቀሚያ ፈቃድ የጠየቀው ለምድብ “ሐ” ነው፤ ይኸውም ሕዝብ ለሚገለገልባቸው፣ ለፋብሪካና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ላላቸው ሕንፃዎች። ባለ አንድ ፎቅ እንኳ ያልሆነ የጭቃ መኖሪያ ቤት ከዚህ ውጭ ነበር። የልስን ሥራ ሲጀመር የሕንፃ ሹም ደጃፍ ላይ አይገኝም፤ ምርመራው የባለቤቱና የተከራዩ ኃላፊነት ሆኖ ይቀራል።

ካየነው የሚከተለው ፍርድ ስለ ጊዜ ነው። ታድሶ ያለቀን ቤት መመርመር በአብዛኛው ቀለሙን መመርመር ነው። ቋሚው፣ ሽቦውና ክፍተቱ በዓይን የሚታዩት አሮጌው ልስን ከተነሣ በኋላ፣ አዲሱ ከመመረጉ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ቤት የምታድሱ ሰዎች ለሳኙን ከመጥራታችሁ በፊት አናጺና ኤሌክትሪሻን ጥሩ፤ የግድግዳው እግር ዙሪያውን ተገልጦ ቢያንስ አንድ ቀን ይታይ።