ቁመናው ያማረ በቆሎ

ዘንድሮ የሳይንስ ክበብ ተማሪዎቻችን ከግቢው ጀርባ በቆሎ ለመዝራት ሲጠይቁን አልፈቀድንም። ልጆቹ ቅር ተሰኝተዋል፤ አንዳንድ ወላጆችም «አፈር ቢነኩ ምን አለበት?» ብለውናል። ምክንያታችንን እዚህ ብናስረዳ ይሻላል ብለን አሰብን። ቦታው ትምህርት ቤታችን ከመከራየቱ በፊት የመኪና ጋራዥ ነበር፤ አሮጌ ባትሪም ይጣልበት ነበር።

የመኪና ባትሪ ውስጥ እርሳስ አለ። ልጆቻችን የሚጽፉበትን ማለታችን አይደለም፤ እርሱ ስሙ ብቻ እንጂ ውስጡ ግራፋይት ነው። እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ሜርኩሪና መሰሎቻቸው ከባድ ብረቶች ይባላሉ። ፍግና ቅጠል አፈር ውስጥ ይበሰብሳሉ። ብረት ግን አይበሰብስም፤ ዛሬ የወደቀው ለልጅ ልጅ ይቆያል።

ወደ እህል እንዴት ይገባል? ካድሚየምን እንውሰድ። የተክል ሥር ለዕድገቱ ዚንክ ይፈልጋል። ካድሚየም በጠባዩ ዚንክን ስለሚመስል ሥሩ ሳይለየው ለዚንክ በከፈተው በር ያስገባዋል። አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ብረቱ በቀላሉ ስለሚሟሟ ነገሩ ይብሳል። መጠኑ ሲበዛ ሰብሉ ራሱ ይታመማል፦ ሥሩ ያጥራል፣ ቅጠሉ ይወይባል፤ ስንዴ ከሆነ ከአንዱ ዘር የሚወጣው አገዳ ያንሳል፣ ዛላውም ሳይሞላ ይቀራል። ይህን ያየ ገበሬ አንድ ነገር እንዳለ ይጠረጥራል። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ምንም የማይታየው ነው። ተክሉን ለማወየብ ያልበቃ ካድሚየም ለዓመታት የሚበላውን ሰው ለመጉዳት ይበቃል። ማሳው አረንጓዴ፣ ዛላው ሙሉ፣ እህሉ ግን የተበከለ ይሆናል። ስለተፈጨና ስለተጋገረ አይጠፋም።

በጃፓን ቶያማ የሆነው ይኸው ነው። ከካሚዮካ ማዕድን ማውጫ የሚወጣው ፍሳሽ ወደ ጂንዙ ወንዝ ይገባ ነበር፤ ገበሬዎቹም ሩዛቸውን የሚያጠጡት በዚያው ወንዝ ነበር። ሩዙን ዕድሜ ልካቸውን የበሉ ሰዎች፣ በተለይም የወለዱና በዕድሜ የገፉ ሴቶች፣ ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ አጥንታቸው ከመሳሳቱ የተነሳ በቀላሉ ይሰበር ጀመር። በሽታው «ኢታይ ኢታይ» ተባለ፤ «አመመኝ፣ አመመኝ» ማለት ነው። መንግሥት ምክንያቱ ካድሚየም መሆኑን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የማሳዎቹን አፈር የማደሱ ሥራ የተጠናቀቀው ግን በ2012 ነው! ለመበከል ቀላል የሆነውን ለማጽዳት ስንት ዓመት እንደፈጀ ተማሪዎቻችን ያስሉት።

የእርሳስ ጠባይ ይለያል። አብዛኛው ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ የገባውም ሥር ላይ ስለሚያዝ ወደ በቆሎው ፍሬ የሚደርሰው ጥቂት ነው። «ታዲያ ለምን ከለከላችሁ?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የእርሳስ ዋና መንገዱ አቧራ ነው፤ ቅጠል ላይ፣ መሬት ላይ በተሰጣ እህል ላይ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሚቆፍሩ ልጆች እጅና ጥፍር ላይ ያርፋል። እዚሁ ኬንያ፣ ሞምባሳ አጠገብ ኦዊኖ ኡሁሩ በተባለው ሰፈር፣ አሮጌ ባትሪ እያቀለጠ እርሳስ ያወጣ የነበረ ፋብሪካ ስንት ቤተሰብ እንደጎዳ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ ይህን ያህል ቢሆን ግድ የለም የሚባል መጠንም የለውም።

ስለዚህ ክበቡ ለጊዜው ከሌላ ቦታ ባመጣነው አፈር ጆንያ ሞልቶ በፊት ለፊቱ ግቢ ሱኩማ ዊኪ ተክሏል። በቆሎው እንዲቆይ አድርገናል። ከጀርባው ግቢ ከአምስት ቦታ ናሙና የወሰዱት መምህራን ናቸው፤ ልጆቹ ከአጥር ወዲህ ሆነው ካርታውን ሥለዋል። የላቦራቶሪው ውጤት ሲደርሰን፣ ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንለጥፈዋለን።