በኤሌክትሪክ የሚበር ትንሽ አውሮፕላን ኃይል ሲያንሰው ምክንያቱን ስለ መመርመር

ሰው የማይሳፈርበት፥ ከምድር ሆነው በሬድዮ የሚመሩት ትንሽ አውሮፕላን በኤሌክትሪክ ኃይል መብረር የጀመረው ዛሬ አይደለም። ኮሎኔል ታፕሊን የተባሉ እንግሊዛዊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ሬድዮ ኲን የተባለውን አውሮፕላናቸውን በብርና በዚንክ ባትሪ አብርረዋል። ከዚያ ወዲህ የሊቲየም ባትሪ ስለ ተገኘ ነገሩ ለብዙ ወጣቶች ቀርቧል። ከዚህም የተነሣ አውሮፕላኑ የዛፍ ጫፍ እንኳ ሳያልፍ ኃይሉ ደክሞ በሰው አዝመራ ወይም በመንገደኛ ላይ የሚወድቅበት ጊዜ አለ። ባለቤቱ ወዲያው ሞተሩን ይከስሳል፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከሌላ ስፍራ ነው።

መጀመሪያ የሚመረመረው ባትሪው ነው። አንዱ የሊቲየም ክፍል ሲሞላ 4.2 ቮልት፥ ባለ ሦስት ክፍሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ይሆናል። ነገር ግን ይህ ቍጥር ባትሪው ሥራ ፈትቶ ሳለ ቢታይ የሚያስረዳው ጥቂት ነው። ያረጀ ባትሪ ዐርፎ ሳለ ጕልበታም ይመስላል፤ ጭነት ሲመጣበት ይንበረከካል። ስለዚህ አውሮፕላኑን አጥብቆ አስሮ፥ ከፕሮፔለሩ ፊትና ጐን ሰው አርቆ፥ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲዞር ቮልቱንና አምፔሩን አብሮ መለካት ይገባል።

በዚያን ጊዜ ቮልቱ እጅግ ከወረደ በደሉ የባትሪው ወይም የሽቦው መጋጠሚያ ነው። በመንገዱ ያለው ተቃውሞ 0.03 ኦም ብቻ ቢሆን፥ 30 አምፔር ሲያልፍበት 0.9 ቮልት ይጠፋል፤ የጠፋውም 27 ዋት ሙቀት ይሆናል። እንግዲህ ባትሪውን ነቅሎ ስፒናውንና ብየዳውን በጥንቃቄ ቢዳስሱ፥ ከሌላው ይልቅ የሞቀው መጋጠሚያ ራሱን ያጋልጣል። የፍጥነት መቆጣጠሪያውም ቮልቱ ሲወርድ ሞተሩን በገዛ እጁ ያቆማል፤ ይህን የሚያደርገው ባትሪውን ከጕዳት ለማዳንና ለሬድዮው ኃይል ለማስቀረት ስለ ሆነ እንደ ብልሽት ሊቈጠር አይገባም። ሞተሩ መዞር ትቶ የሚንቀጠቀጥ እንደ ሆነ ግን ከሦስቱ ሽቦዎች አንዱ ሳይላቀቅ አይቀርም።

ቮልቱ ደኅና ሆኖ አምፔሩ ያነሰ እንደ ሆነስ? በደጋ አገር ይህ በብዛት ያጋጥማል። እንደ አዲስ አበባ ባለ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሣሣል፤ ፕሮፔለሩም የሚገፋው ያጣል። ኤሌክትሪኩ አልተበላሸም። በመጠኑ የሰፋ ፕሮፔለር መግጠም ይረዳል፤ ሆኖም ቅርጹ ሳይለወጥ በ10 ኢንች ፈንታ 11 ኢንች ቢገጠም፥ በእኩል ዙር የሚጠይቀው ኃይል 60 ከመቶ ያህል ስለሚጨምር፥ አምፔሩን እንደ ገና ሳይለኩ ማብረር ሞተሩን ማቃጠል ነው።

ያበጠ ባትሪ ከቶ አይሞላም፤ እሳት ያስነሣልና። ደኅናውም ቢሆን የሚሞላው በድንጋይ ወይም በሸክላ ላይ፥ ከሣር ክዳን ቤት ርቆ፥ ጠባቂ እያለ ነው።