ሙያውን እንማር ወይስ የመሣሪያውን ስም?

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

ዛሬ የምናስረዳችሁ ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን የተማሪውን ኪስ፥ የመሥሪያ ቤቱን መዝገብና የአገሩን ሕግ የሚነካ ሆኖ ይገኛል። ይኸውም በኮሌጆችና በዩኒቨርስቲዎች አንዳንድ መምህራን የጽሕፈት ወይም የሒሳብ ሥራ ሲሰጡ፥ «በዚህ ኩባንያ ፕሮግራም ሠርታችሁ አምጡ፤ በሌላ የተሠራ አንቀበልም» የማለታቸው ልማድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው ኦፊስ የተባለው የማይክሮሶፍት ኩባንያ ሸቀጥ ነው። በውስጡም ለጽሕፈት ወርድ፥ ለሒሳብ ኤክሴል፥ ለንግግር ማሳያ ፓወርፖይንት ይገኛሉ። እነዚህ ፕሮግራሞች በሥራ የተፈተኑና የሚደነቁ መሆናቸው አያከራክርም። የሚያከራክረው ትምህርት ቤት ተማሪውን የአንድ ነጋዴ ደንበኛ እንዲሆን ማስገደድ ይገባዋልን የሚለው ነው።

ነገሩን በግልጥ ለማየት ወደ ጅግጅጋ እንሂድ። በ1999 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የጅግጅጋ ዩኒቨርስቲ በሚገኝበት በዚህ ከተማ፥ ከዚያም ወጣ ብሎ በቀብሪ በያህ፥ በደጋሃቡርና በጉናጋዶ፥ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ቋንቋ ይጽፋል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሶማሊኛ ስለ ሆነ የውስጡን ደብዳቤ በላቲን ፊደል ያዘጋጃል። አዲስ አበባ ካሉት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ሲጻጻፍ በግዕዝ ፊደል አማርኛ ይጽፋል። የተማረበትም ሆነ ለውጭ ድርጅቶች ሪፖርት የሚያቀርብበት ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ ለዚህ ሥራ የሚዘጋጅ ተማሪ ምን ሊማር ይገባዋል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ከመስጠታችን በፊት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይጠቅማል።

በአማርኛ የሚጽፍ የጽሕፈት መኪና እንዲኖረን አስቀድመው ከደከሙት ኢትዮጵያውያን መካከል ኢንጂኒየር አያና ብሩ በክብር ይነሣሉ። የፊደላችን ብዛት በመኪናው ጥቂት ቁልፎች ላይ ሊያልቅ ስላልቻለ፥ ጸሐፊው መጀመሪያ የፊደሉን አካል፥ ቀጥሎም ቅጥያውን እየመታ ይጽፍ ነበር። በኋላ እንደ ኦሊቬቲ ያሉ የውጭ ኩባንያዎች የሠሩአቸው የአማርኛ መኪናዎች በየመሥሪያ ቤቱ ገቡ። የጽሕፈት ሥራ ተማሪዎችም ጣታቸውን ያለማመዱት በተገኘው መኪና ላይ ነበር። ስለዚህ ትምህርትን በአንድ ኩባንያ መሣሪያ መስጠት ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም።

ዳሩ ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በኦሊቬቲ የተመታ ደብዳቤ ለማንበብ ተቀባዩ ኦሊቬቲ መግዛት አያስፈልገውም ነበር። ወረቀቱ ከመኪናው ከወጣ በኋላ ፊደል የቈጠረ ሁሉ ያነበዋል። መኪናው ቢሰበር፥ ሠሪው ኩባንያም ቢዘጋ፥ በመዝገብ ቤት የተቀመጠው ደብዳቤ እንዳለ ይኖራል። በኮምፒዩተር የተጻፈ ፋይል ግን ከዚህ ይለያል። እርሱ የቍጥሮች ስብስብ ነው፤ ቍጥሩን ወደ ፊደል የሚመልስ ፕሮግራም ካልተገኘ በቀር ባለቤቱም ቢሆን ሊያነበው አይችልም።

ይህን እውነት ከመንግሥት ሠራተኛ ይልቅ የሚያውቅ የለም። ብዙዎቻችሁ ከሌላ መሥሪያ ቤት በፍላሽ የመጣ የአማርኛ ደብዳቤ ስትከፍቱ፥ በፊደል ፈንታ ትርጕም የሌለው ምልክት ተደርድሮ አይታችኋል። ምክንያቱ ይህ ነው። በቀድሞው አሠራር ለአንድ የፊደል ስብስብ የነበረው ስፍራ 256 ብቻ ሲሆን፥ ከዚያም ውስጥ አንዳንዱ ለኮምፒዩተሩ ትእዛዝ የተያዘ ነበር። የእኛ ሠላሳ ሦስት ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፥ አኀዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከተሰጠው ስፍራ ይተርፋሉ። በዚህም ምክንያት እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞችን የሠሩ ሰዎች፥ እያንዳንዳቸው በመሰላቸው መንገድ ፊደሉን ከቍጥሩ ጋር አዛመዱ። ሥራቸው ለአማርኛ ጽሕፈት ትልቅ ውለታ ነው። ነገር ግን በአንዱ «ሀ» የሆነው ቍጥር በሌላው ሌላ ፊደል ስለሚሆን፥ ላኪና ተቀባይ አንድ ዓይነት ፕሮግራም ከሌላቸው መግባባት አልተቻለም።

ይህን ችግር ያቃለለው ለሁሉ የጋራ የሆነ ሕግ መውጣቱ ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1999 ለግዕዝ ፊደል የራሱን ስፍራ ሰጠው። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ «ሀ» በማንኛውም ኩባንያ መሣሪያ ላይ «ሀ» ነው። የተለያዩት ነጋዴዎች እንደ ተለያዩ ቀሩ፤ ደብዳቤው ግን የጋራ ሆነ። ለዛሬው ክርክራችንም መፍትሔው በዚሁ መንገድ ላይ ይገኛል።

ፊደሉ የጋራ ቢሆንም ፊደሉ የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት ገና ያለያያል። ማይክሮሶፍት ኦፊስ 2007ን ሲያወጣ የፋይሉን ዓይነት ስለ ለወጠ፥ በአሮጌው ኦፊስ የሚሠራ ሰው ተጨማሪ መተርጐሚያ ካላስገባ በቀር አዲሱን ፋይል መክፈት አልቻለም ነበር። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የፋይል ዓይነቶችንም በደረጃ መዝግቦአል። ኦፕን ዶኪዩመንት የሚባለው በ2006፥ የማይክሮሶፍት አዲሱ ዓይነትና ፒዲኤፍ ደግሞ በ2008 ተመዝግበዋል። ስለዚህ ዛሬ መምህሩም ሆነ የመሥሪያ ቤቱ ኀላፊ «በእገሌ ፕሮግራም» ከማለት ይልቅ «በዚህ የታወቀ የፋይል ዓይነት አምጡ» ለማለት ይችላል።

አሁን የመምህራኑን ምክንያት በቅንነት እንመልከት። የመጀመሪያው ምክንያታቸው፥ የሥራ ማስታወቂያዎች ወርድና ኤክሴል የሚያውቅ ሰው ስለሚፈልጉ፥ ተማሪውን ለገበያው ማዘጋጀት ግዴታችን ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ስልሳና ሰባ ተማሪ የያዘ መምህር በአምስት ዓይነት ፕሮግራም የተሠራ ሥራ ሊያርም አይችልም የሚል ነው። ሦስተኛው፥ በአንዱ ፕሮግራም የተሰናዳ ገጽ በሌላው ሲከፈት ሠንጠረዡ ይዛነፋል፥ መስመሩም ይናጋል የሚል ነው። ሦስቱም እውነትነት አላቸው። ተማሪው በየመሥሪያ ቤቱ የሚያገኘውን ፕሮግራም ሳያይ ቢመረቅ የሚጐዳው ራሱ ነው። ስለዚህ ወርድንና ኤክሴልን ማስተማር አይነቀፍም። የሚነቀፈው ሌላውን መንገድ ሁሉ መዝጋት ነው።

«ሙያ በልብ ነው» እንደ ተባለ፥ ሙያው የሚኖረው በሰውየው ልብ እንጂ በመሣሪያው ስም አይደለም። የሒሳብ ሠንጠረዥን ታሪክ ብናይ በ1979 ቪዚካልክ ወጣ፤ በ1983 ሎተስ ተከተለ፤ በ1985 ደግሞ ኤክሴል መጣ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በዘመናቸው ገበያውን የያዙ ነበሩ፤ ዛሬ ግን ከገበያ ጠፍተዋል። የሎተስን ቁልፍ ብቻ በቃሉ ያጠና ሰው ትምህርቱ ከሎተስ ጋር አለፈበት። ረድፍና ዐምድ ምን እንደ ሆነ፥ ድምርና መቶኛ እንዴት እንደሚታዘዝ የተረዳው ግን ወደ ቀጣዩ ፕሮግራም በጥቂት ቀን ተሻገረ።

ለዚህ ከራሳችን የቀን አቈጣጠር ምሳሌ እንጥቀስ። አንድ ተማሪ የወጪ ሠንጠረዥ ሲያዘጋጅ ጥቅምት 30 ቀን 2016ን 30/2/2016 ብሎ ቢጽፍ፥ ቀንን አስቀድሞ የሚያነበው ኮምፒዩተር ፌብሩዋሪ ሠላሳ ቀን ስለሌለው ቀን መሆኑን አይቀበልም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘዋል። ጳጉሜን 5 ቀን 2016ን 5/13/2016 ብሎ ቢጽፍ ደግሞ፥ በአሜሪካ ልማድ ወርን የሚያስቀድመው ኮምፒዩተር ሜይ 13 ቀን 2016 አድርጎ ያለ ማስጠንቀቂያ ይመዘግበዋል። ከዚያ በኋላ ሠንጠረዡ በቀን ተራ ሲደረደር ሒሳቡ ሁሉ ይዘበራረቃል። ይህ ስሕተት የአንድ ኩባንያ ብቻ አይደለም፤ ፕሮግራሞቹ ሁሉ የሚቈጥሩት በፈረንጆች ቀን ነው። የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ ብቻ የተማረ ሰው ስሕተቱን አያየውም። ፕሮግራሙ ቀንን እንዴት እንደሚያስብ የተማረ ግን በማንኛውም ፕሮግራም ላይ ይጠነቀቃል።

በጅግጅጋም እንዲሁ ነው። በሶማሊኛ አጻጻፍ «ኤክስ» የሚባለው የላቲን ፊደል የሚወክለው በግዕዝ ጥንት ሐመሩ «ሐ» ይዞት የነበረውን ድምፅ ሲሆን፥ «ሲ» የሚባለው ደግሞ የዐይኑን «ዐ» ድምፅ ይይዛል። እንግሊዝኛ እንዲያርም የታዘዘ ፕሮግራም ይህን አያውቅምና በትክክል የተጻፈውን የሶማሊኛ ቃል በቀይ መስመር ያሰምርበታል፤ አንዳንዴም ቃሉን ይለውጠዋል። ጸሐፊው ሊያውቅ የሚገባው የጽሑፉን ቋንቋ ለፕሮግራሙ እንዴት እንደሚያስታውቅ፥ ከላቲን ወደ ግዕዝ ፊደል እንዴት እንደሚሻገር፥ አርእስትንና አንቀጽን እንዴት በሥርዐት እንደሚያስቀምጥ ነው። ይህ ሁሉ በማንኛውም ደህና ፕሮግራም ሊማሩት የሚቻል ሙያ ነው።

ቀጥሎ የገንዘቡና የሕጉ ጉዳይ ይመጣል። በተማሪ ኪስ የኩባንያውን ፕሮግራም በዋጋው መግዛት ከባድ ነው። ስለዚህ መምህሩ ሌላ መንገድ ሲዘጋበት፥ የተሰረቀ ቅጂ ከጓደኛው ወይም ከኮምፒዩተር ሱቅ ያስገለብጣል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍና እንደ ሙዚቃ ሁሉ የአእምሮ ሥራ ብሎ ይጠብቀዋል። እንግዲህ ትምህርት ቤት ለተማሪው የሚያዘው ነገር ሕግን ካልተላለፈ ሊፈጽመው የማይችል ከሆነ፥ ሕግን አለማክበርን አብሮ እያስተማረው ነው። በዚያም ላይ ከማይታወቅ እጅ የተገኘ ቅጂ ቫይረስ ተሸክሞ ሊገባ ይችላል፤ ተማሪው ተቀጥሮ ፍላሹን የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ሲሰካው በሽታው አብሮ ይገባል።

በሕግ የተፈቀደ ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል፥ አለ። በ2010 የተቋቋመው ማኅበር የሚያሳትመው ሊብሬኦፊስ በነጻ የሚሰጥ፥ ለጓደኛ ቢገለበጥም ሕግ የማይነካ ፕሮግራም ነው፤ የኦፊስንም ፋይሎች ከፍቶ ይጽፋል። ማይክሮሶፍትም ቢሆን ብቁ ለሆኑ ትምህርት ቤቶች በኢንተርኔት የሚሠራውን ኦፊስ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ ይህ የማይቋረጥ መስመር ይፈልጋል። መስመሩ ለሚቋረጥበት ተማሪ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ የሚቀመጠው ነጻ ፕሮግራም ይሻለዋል።

ሌሎች አገሮችም ይህን ጉዳይ መርምረውታል። በህንድ የኬረላ ክፍለ ሀገር የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ኮምፒዩተርን በነጻ ፕሮግራሞች ያስተምራሉ። የእንግሊዝ መንግሥት በ2014 ለሚታረሙ ጽሑፎች ኦፕን ዶኪዩመንትን፥ ለሚነበቡ ደግሞ ፒዲኤፍን መረጠ፤ ሠራተኛው በምን ፕሮግራም እንደሚሠራ ግን አልወሰነም። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ ደግሞ በ2003 ወስና ወደ 15000 የሚሆኑ ኮምፒዩተሮችን ወደ ነጻ ፕሮግራም ካዛወረች በኋላ፥ ከሌሎች ጋር ፋይል የመለዋወጥ ችግርም ከቅሬታዎቹ አንዱ ሆኖ፥ በ2017 የከተማው ምክር ቤት ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። ከዚህ የምንማረው አንዱን ስም በሌላው ስም መተካት ብቻውን እንደማይበቃ ነው። አስቀድሞ መወሰን ያለበት የሚለዋወጡት ፋይል ዓይነት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መምህሩ የሚፈልገውን ውጤት ይናገር፤ «ማውጫ ያለው፥ ገጹ የተቈጠረ፥ ሠንጠረዡ በትክክል የደመረ ሪፖርት በፒዲኤፍ አምጡ» ቢል ማረሙ ይቀለዋል፥ የገጹ መዛነፍም ይቀራል። የኤክሴልን ልዩ ዘዴ ማስተማር ሲያስፈልገው በኮሌጁ ኮምፒዩተር ላይ ያስተምር፤ ተማሪው በቤቱ እንዲገዛ ግን አያስገድድ። የሠራተኛ አስተዳደር ኀላፊ የሥራ ማስታወቂያ ሲያወጣ ከኩባንያው ስም ይልቅ ሥራውን ይጻፍ፤ «በሶማሊኛና በአማርኛ ደብዳቤ የሚያዘጋጅ፥ የሒሳብ ሠንጠረዥ የሚሠራ» ቢል የሚመጣለትን ሰው በተግባር ሊፈትነው ይችላል። ኮሌጁ የሚመለከተው ማስታወቂያውን ነውና፥ ማስታወቂያው ከተስተካከለ ትምህርቱም ይስተካከላል። የመዝገብ ቤት ሹምም በአሮጌ የግዕዝ ፕሮግራም የተጻፉት ፋይሎች የሚነበቡበት ኮምፒዩተር ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ እንዲገለበጡ፥ ቋሚ ደብዳቤዎችም በፒዲኤፍ እንዲቀመጡ ያስብበት።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ዛሬ ጅግጅጋ ውስጥ የተጻፈ የመሬት ካርታ ማስረጃ፥ የደመወዝ መዝገብ ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚፈልገው ልጅ ይኖራል። ያ ልጅ ማስረጃውን የሚከፍትበት ፕሮግራም ዛሬ የምናውቀው ላይሆን ይችላል። ደብዳቤው ተከፍቶ ይነበብለት ዘንድ የዛሬው ተማሪ ከፕሮግራሙ ስም በፊት የጽሕፈትን ሥራ ይማር፤ እኛም ተማሪውን ስንቀጥር የምንጠይቀው ይህንኑ ሥራ ይሁን።