የሚጠጣ ውሃና የጥልቅ ምድር ቍፋሮ

አርሂባ በጅቡቲ ከተማ ካሉት ሰፈሮች አንዱ ነው። ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ የዓፋር ተወላጆች ናቸው። በአርሂባም ሆነ ከከተማው ዳር በተስፋፋው በባልባላ ለብዙ ዘመን የኖረች የቤት እመቤት ስለ ውሃ ያላት ዕውቀት ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም። ሻዩ ጨው ጨው ሲል፥ ሳሙናው አረፋ አልሰጥ ሲል፥ የማንቈርቈሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሲያበጅ፥ ከቧንቧ የመጣው ውሃ ምን ዓይነት እንደ ሆነ የኬሚስትሪ ሊቅ ሳይነግራት ታውቀዋለች።

ውድ አንባብያን ሆይ፥ ዛሬ ልናነሣው ያሰብነው ነገር፥ ከምድር በታች ያለው የሚጠጣ ውሃ በጥልቅ ቍፋሮ እንዳይበላሽ በምን ዓይነት ሊጠበቅ ይቻላል የሚለው ነው። ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፈናቸዋል።

ጅቡቲ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። ዝናቧም በዓመት በአማካይ ከ200 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። አምቡሊ በሚባለው ደረቅ ወንዝ ውስጥ አልፎ አልፎ የሚወርደው ጎርፍ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስንጥቅ ሰርጎ ይጠራቀማል፤ ከተማዪቱም ለረጅም ጊዜ የኖረችው ይህንኑ በጕድጓድ እየሳበች ነው። ጣፋጭ ውሃ ከጨው ውሃ ስለሚቀል፥ በባሕር ዳር ምድር ውስጥ በጨው ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይቀመጣል። ሰው ግን ዝናብ ከሚተካው አብልጦ በሞተር በሳበ ጊዜ፥ የባሕሩ ውሃ ባዶውን ቦታ ሊይዝ ወደ ላይና ወደ ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ጨው የገባበት ጕድጓድ ደግሞ ቶሎ አይድንም። የጅቡቲን ውሃ ያበላሸው እንግዲህ መርዝ የጨመረ ጠላት አይደለም፤ ልኩን ያለፈ መሳብ ነው።

ስለዚህ አገሪቱ ሌላ መንገድ ፈለገች። በ2017 ዓ. ም. በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ከሚገኘው ከኩለን ሸለቆ ተነሥቶ በዓሊ ሳቢህ በኩል እስከ ጅቡቲ ከተማ የሚደርስ 102 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የውሃ ቧንቧ ተመረቀ። ሲታቀድ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ እንዲሰጥ ነበር፤ ለሥራውም የቻይና ባንክ ብድር ሰጥቷል። በ2021 ዓ. ም. ደግሞ በዶራሌ የባሕርን ውሃ አጣፍጦ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ የሚሰጥ ፋብሪካ በአውሮፓ ኅብረት ርዳታ ሥራውን ጀመረ። በኩለን ምድር ሥር ያለው ውሃ በአርሂባ ጀበና ውስጥ የሚገባ ከሆነ፥ የአንዱ አገር ጕድጓድ የሌላው አገር ማጀት ሆኗል ማለት ነው። ድንበር በካርታ ላይ ይሠመራል እንጂ በከርሰ ምድር ውሃ ላይ አይሠመርም።

ወደ ተነሣንበት ቍፋሮ እንምጣ። በኦጋዴን፥ ካሉብና ሂላላ በሚባሉት ስፍራዎች የተፈጥሮ ጋዝ መኖሩ የታወቀው ከ1970ዎቹ ዓመታት ወዲህ ነው። በ2019 ዓ. ም. ኢትዮጵያና ጅቡቲ ይህ ጋዝ እስከ ጅቡቲ ባሕር ዳር እስከ ዳመርጆግ የሚሄድበትን ቧንቧ ለመሥራት ተፈራረሙ። ከኩባንያው ጋር የነበረው ውል በ2022 ዓ. ም. ቢቋረጥም፥ በጥቅምት 2025 ዓ. ም. የካሉብ ጋዝ ሥራ የመጀመሪያው ክፍል ተመርቋል። ከጋዙ ማከማቻ ዓለቶች አንዱ በሥነ ምድር ሊቃውንት ዘንድ «የዓዲግራት አሸዋ ድንጋይ» ተብሎ መጠራቱ እኛን ትግርኛ ተናጋሪዎቹን ደስ ያሰኘናል፤ በገርዓልታ ገደል ላይ ቀይ ሆኖ የምናየው ድንጋይ በኦጋዴን በብዙ ሺህ ሜትር ጥልቀት ተቀብሮ ጋዝ ተሸክሟል።

ካሉብ ከኩለን በመቶዎች በሚቈጠር ኪሎ ሜትር ይርቃልና፥ የካሉብ ቍፋሮ የአርሂባን እንስራ ይበክላል አንልም። ነገር ግን በካሉብ ዙሪያም ከጕድጓድና ከብርካ የሚጠጡ አርብቶ አደሮች አሉ። በየካቲት 2020 ዓ. ም. አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ በጋዙ ስፍራ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ያልታወቀ በሽታ እንደ ያዛቸውና ከቍፋሮው የወጣ ኬሚካል ውሃቸውን እንዳበላሸው መናገራቸውን ጻፈ። ባለሥልጣኖች ደግሞ ሥራው በጥብቅ የጤናና የደኅንነት ደንብ የሚካሄድ ነው ሲሉ መለሱ። በእኛ አስተያየት እንዲህ ያለውን ክርክር ሊቈርጥ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም መሰርሰሪያው ምድርን ከመንካቱ በፊት ከየጕድጓዱ ተቀድቶ፥ ተመርምሮ፥ በመዝገብ የተቀመጠ የውሃ ናሙና ነው። ከመነሻው ያልተመዘነ ነገር ጐደለ ወይም ተበላሸ ብሎ መፍረድ ለዳኛም ያስቸግራል።

በውጭ አገር ስሙ ብዙ የተነሣው «ፍራኪንግ» የሚባለው ዘዴ፥ ዓለትን በውሃ ግፊት መሰንጠቅ ማለት ነው። በአሜሪካ በካንሳስ በ1947 ዓ. ም. ተሞከረ። ውሃ፥ አሸዋና ጥቂት ኬሚካል ተቀላቅለው በከፍተኛ ግፊት ወደ ጥልቁ ይገባሉ፤ ዓለቱ ሲሰነጠቅ አሸዋው ስንጥቁን ከፍቶ ይይዘዋል፤ ጋዙም ወደ ጕድጓዱ ይወጣል። ለአንድ ጕድጓድ 5 ሺህ ሜትር ኩብና ከዚያም በላይ ውሃ ይፈስሳል። ከዶራሌ ፋብሪካ የአንድ ቀን ምርት ጋር ስናስተያየው፥ አራት ጕድጓዶች የፋብሪካውን የቀን ውሃ ለመጨረስ ብዙም አይቀራቸውም። በበረሃ አገር ገና ኬሚካሉ ሳይነሣ ጥያቄው ይህ ሊሆን ይገባል።

ብዙ ሰው የሚፈራው ስንጥቁ ወደ ላይ ተጕዞ የሚጠጣውን ውሃ እንዳይደርስበት ነው። ጋዝ ያለው ዓለት ብዙ ጊዜ ከሚጠጣው ውሃ እጅግ ጠልቆ ስለሚገኝ ይህ የሚሆነው በጥቂቱ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በታኅሣሥ 2016 ዓ. ም. ባወጣው ታላቅ ጥናት የዘረዘራቸው አደጋዎች ከዚህ ይልቅ ተራ የሚመስሉ ናቸው። ኬሚካሉ በምድር ላይ ሲፈስ፥ ከጥልቁ የተመለሰው ቆሻሻ ውሃ ምንጣፍ ባልተደረገበት ኩሬ ሲጠራቀም፥ በድርቅ ጊዜ ውሃ ሲሳብ ጕዳት ይደርሳል። ከሁሉ ይበልጥ ልናስተውለው የሚገባን ግን የብረቱ ቱቦና የስሚንቶው ነገር ነው። ጕድጓዱ በውሃው ክፍል ውስጥ ሲያልፍ፥ ቱቦ በቱቦ ላይ ተደርቦ በመካከሉ ስሚንቶ ይሞላል። ስሚንቶው ቢሰነጠቅ ወይም በሚገባ ባይያያዝ፥ ጋዙ በቱቦው ውጭ እየተንሸራተተ ወደ ውሃው ይወጣል። በፔንሲልቫንያ ዲሞክ በሚባል መንደር በ2009 ዓ. ም. መጀመሪያ ላይ የአንድ ቤት የውሃ ጕድጓድ ፈንድቶ የመንደሩ ሰዎች በውሃቸው ውስጥ ሜታን መግባቱን ያወቁት በዚህ ዓይነት ነበር። ፈረንሳይ በ2011 ዓ. ም. ዘዴውን በሕግ ከልክላለች። አሜሪካ ግን በ2005 ዓ. ም. ባወጣችው ሕግ ሥራውን ከመጠጥ ውሃ ጥበቃ ሕጓ አብዛኛው ግዴታ ነጻ አድርጋዋለች፤ ይህንንስ ልንመሰግነው አንችልም።

ከጥልቁ ምን እንደሚወጣ ጅቡቲ ራሷ ታውቃለች። ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአሳል ሐይቅ አጠገብ የእንፋሎት ኀይል ለማግኘት ከ1970ዎቹ ጀምሮ በተቈፈሩት ጕድጓዶች የወጣው ፍል ውሃ ከባሕር ውሃ ሦስት እጥፍ ያህል ጨው የያዘ ስለ ነበረ ቱቦዎቹን በቅርፊት ይደፍን ነበር። በአሳል የሚበላሽ የሚጠጣ ውሃ ስለሌለ አደጋው ቀላል ነው። ያው ፍሳሽ በአንድ የአርብቶ አደር ጕድጓድ አጠገብ ቢደፋ ግን ሌላ ነገር ነው።

በአገራችን የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ዓዋጅ ቍጥር 299 በ2002 ዓ. ም. ወጥቷል። ዓዋጁን በሥራ ላይ የሚያውለው ሰው ስለ ስሚንቶው ጥንካሬ የተደረገውን የግፊት ፈተና ወረቀት እንዲጠይቅ፥ የኩሬውን ምንጣፍ በዓይኑ እንዲያይ፥ የኬሚካሉንም ስም ዝርዝር ለወረዳው ሐኪም እንዲያደርስ ያስፈልጋል። የሐኪሙ ነገር የሚረሳ ነው፤ በሽተኛውን የሚያየው እርሱ ሆኖ ሳለ በርሜሉ ውስጥ ያለውን አይነግሩትም።

ለእናቶች አንድ ቃል እንጨምር። ውሃ ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል፤ ጨውንና አብዛኛውን ኬሚካል ግን አያስወግድም፥ ውሃው በተነነ መጠን እንዲያውም ያከማቸዋል። ጨው የበዛበት ውሃ የደም ግፊት ላለበት ሰውና ለሕፃን ወተት መበጥበጫ አይስማማም። ስለዚህ የውሃው ጣዕም ወይም ሽታ በድንገት የተለወጠ እንደ ሆነ፥ በንጹሕ ጠርሙስ ሞልቶ፥ ቀኑንና የተቀዳበትን ስፍራ ጽፎ፥ ወደ ውሃ መሥሪያ ቤቱ ማድረስ ይገባል።