ከመመረቂያ ጥናት ወደ ጆርናል ጽሑፍ፦ ምን ይቀነሳል፣ ምን ይጠበቃል?



በትምህርት ዘርፍ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ጥናታቸውን ያጠናቀቁ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ «150 ገጽ የሆነውን ጥናቴን እንዴት ወደ 20 ገጽ ላውርደው?» የሚል። ጥያቄው እንዲህ ሲቀርብ መልሱ ማሳጠር ብቻ ይመስላል። ስለዚህም ከመግቢያው ጥቂት፣ ከክለሳ ድርሳናቱ ጥቂት፣ ከግኝቱም ጥቂት ይቆረጣል። በመጨረሻ የሚገኘው አጭር የመመረቂያ ጥናት ነው፤ የጆርናል ጽሑፍ ግን አይደለም።

ሁለቱን የሚለያቸው አንባቢያቸው ነው። የመመረቂያ ጥናት የሚጻፈው ለአማካሪና ለፈታኞች ነው። እነርሱ የማንበብ ግዴታ አለባቸው፤ የሚፈልጉትም ተማሪው በሚገባ ማንበቡን፣ ዘዴውን ማወቁን፣ መረጃውን ራሱ መሰብሰቡን ማረጋገጥ ነው። ስለዚህ «ናሙና ምንድን ነው» እያለ ትርጓሜ ቢደረድር ይታለፍለታል። የጆርናል አንባቢ ምንም ግዴታ የለበትም። አኅጽሮተ ጥናቱን አይቶ የማያውቀውን አንድ ነገር ካላገኘ ወደ ሌላው ጽሑፍ ያልፋል።

አንድ ነገር ስል በእርግጥም አንድ ማለቴ ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋዎች እንዲሰጥ መንገድ ከከፈተ ወዲህ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር ከሚዘወተሩ የጥናት ርዕሶች አንዱ ሆኗል። በዚህ ርዕስ የሚሠራ የተለመደ ጥናት አራት ጥያቄዎችን ይይዛል እንበል፦ የመምህራን አመለካከት፣ የመማሪያ መጻሕፍት አቅርቦት፣ የተማሪዎች የማንበብ ችሎታ፣ የወላጆች ፍላጎት። አራቱንም በ20 ገጽ ውስጥ መጠቅጠቅ አራቱንም ማቅጠን ነው። መረጃው የጠነከረበትን፣ መልሱም ያልተጠበቀ የሆነበትን አንዱን ጥያቄ መርጦ ሌሎቹን መተው ይገባል። (ለማዕረግ ዕድገት ቁጥር ሲባል አንዱን ግኝት ለአራት ጽሑፍ መሸንሸንም አለ፤ እርሱን የሥራ ባልደረቦቼ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።)

ስለ መግቢያ ብዙ አልናገርም። ጆን ስዌልስ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው መጽሐፉ የጥናት ጽሑፍ መግቢያ በአብዛኛው ሦስት እርምጃ እንደሚራመድ አሳይቷል፤ የጉዳዩን ሜዳ ማስተዋወቅ፣ በሜዳው ውስጥ ያልተያዘውን ቦታ ማመልከት፣ ከዚያም ቦታውን መያዝ። በእኛ ዘንድ የሚሰናከለው ሁለተኛው እርምጃ ነው። «በዚህ ወረዳ እስካሁን የተሠራ ጥናት የለም» ይባላል። ያልተጠኑ ወረዳዎች ብዙ ናቸው፤ አለመጠናት ብቻውን የምርምር ክፍተት አይሆንም። ነገር ግን ጥናቱ የተካሄደው የሦስት ቋንቋ ልጆች በአንድ ክፍል በሚቀመጡበት ከተማ ከሆነ፣ «የአፍ መፍቻ ቋንቋ» የሚለው ጽንሰ ሐሳብ ራሱ ይፈተናል፤ ያን ጊዜ የቦታው ነገር የሌላ አገር አንባቢንም ይመለከተዋል።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ገጽ ሲጠብ ያለ ርኅራኄ የሚቆረጠው የዘዴው ክፍል ነው፤ ከዘዴውም ውስጥ መረጃው ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የተጓዘበት መንገድ። ቃለ መጠይቁ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ይካሄዳል፤ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ይወጣል። በመካከል የሆነው ሁሉ «ቃለ መጠይቁ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሟል» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ማን ተረጎመው? ማን አመሳከረው? አይነገርም።

ይህ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በአንድ ቃል ላሳይ። መምህራንን «በትምህርቱ የሚሳካለት የትኛው ተማሪ ነው?» ብትሉ «ጎበዝ ተማሪ» የሚል መልስ ማግኘታችሁ አይቀርም። ጎበዝ ማን ነው? በአማርኛ ደፋሩም፣ ትጉሁም፣ አእምሮው ፈጣኑም ጎበዝ ነው፤ «የጎበዝ አለቃ» ስንልና ልጅን «ጎበዝ፣ በርታ!» ስንል አንድ ነገር ማለታችን አይደለም። አጥኚው ቃሉን ተፈጥሯዊ ብሩህነትን በሚገልጽ የእንግሊዝኛ ቃል ከተረጎመው፣ ግኝቱ «መምህራን የተማሪን ውጤት ከተፈጥሮ ተሰጥኦ ጋር ያያይዙታል» የሚል ይሆናል። በትጋት ከተረጎመው ደግሞ እነዚያው መምህራን በጥረት የሚያምኑ ሆነው ይቀርባሉ። ውጤት የሚመጣው ከችሎታ ነው ወይስ ከጥረት የሚለው የሰዎች እምነት እነ በርናርድ ዋይነር ብዙ የደከሙበት፣ በትምህርት ሥነ ልቦና ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ያለው ጉዳይ ነው። እንግዲህ መምህራኑ ያልተናገሩት እምነት በስማቸው ይታተማል፤ ሌላው ይጠቅሰዋል፤ ውሎ አድሮም ያልነበረባቸውን አመለካከት የሚያርም ሥልጠና ይዘጋጅላቸዋል።

«መልሶ መተርጎም ይፈታዋል» የሚል አይጠፋም። ሪቻርድ ብሪስሊን እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ያብራራው ይህ ስልት በተለይ ለጽሑፍ መጠይቅ ጠቃሚ ነው። ጎበዝን ግን አያድነውም። አንዱ ተርጓሚ ጎበዝን በብሩህነት ይተረጉመዋል፤ ሁለተኛው ያን የእንግሊዝኛ ቃል ወደ አማርኛ ሲመልሰው «ጎበዝ» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱ የአማርኛ ጽሑፎች ፍጹም ይገጥማሉ፤ ትርጉሙ ግን በመንገድ ላይ ቀርቷል።

የሚሻለው ትንተናውን በመነሻው ቋንቋ ሠርቶ ለጽሑፉ የተመረጡትን ጥቅሶች ብቻ መተርጎም ነው። እንዲህ ያለውን አስቸጋሪ ቃል እንዳለ አቆይቶ መጀመሪያ በሚገኝበት ቦታ ማብራራት ይቻላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቃለ መጠይቁ ሳይቋረጥ «ጎበዝ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?» ብሎ መጠየቅ፤ ይህን የሚጠይቅ ተማሪ ጥቂት ነው፣ ቃሉን የሚያውቀው ይመስለዋልና። የተኬደበትን መንገድ በጽሑፉ መግለጽ ቢበዛ ግማሽ ገጽ ይፈጃል። ግማሽ ገጹ ከክለሳ ድርሳናቱ ይገኛል።

በጽሑፍ መጠይቅም ነገሩ ይመሳሰላል። ከሌላ አገር የተወሰደ መለኪያ ሲተረጎም ሌላ መለኪያ ይሆናል። የመጀመሪያው ደራሲ ያገኘውን የክሮንባክ አልፋ መጥቀስ ለእኛ መረጃ ዋስትና አይሰጥም፤ በራሳችን መላሾች ላይ እንደገና መሰላት አለበት።

የት እንላከው? በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ መታተም የጀመረውን የኢትዮጵያ የትምህርት ጆርናል ጨምሮ አማራጮች አሉ። ከመላካችሁ በፊት የጆርናሉን የቅርብ ጊዜ ቅጾች አንብቡ፤ የእናንተን ዓይነት ጥያቄ የሚያስተናግድ መሆኑን የምታውቁት በዚያ ነው። ክፍያ መጠየቁ ብቻውን አንድን ጆርናል አጭበርባሪ አያሰኘውም፤ በነጻ የሚነበቡ ብዙ ጥሩ ጆርናሎች ደራሲውን ያስከፍላሉ። በሦስት ቀን ውስጥ የሚደርስ «ጽሑፍዎን ተቀብለነዋል» የሚል ደብዳቤ ግን ጽሑፉን ገምጋሚ እንዳላየው ይመሰክራል። ጄፍሪ ቢል ያዘጋጀው የነበረው የአጭበርባሪ አሳታሚዎች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2017 ከድረ ገጹ ከወረደ ወዲህ፣ ማጣራቱ ይበልጡን በደራሲው ትከሻ ላይ ወድቋል።

የገምጋሚዎች አስተያየት ሲመጣ እያንዳንዱን ነጥብ በተራ መልሱ። የማትስማሙበትን አለመቀበል ይፈቀዳል፤ ምክንያቱ ግን ከመረጃው መውጣት አለበት። ገምጋሚው «ይህን እንግዳ ቃል በእንግሊዝኛ ተኩት» ቢል፣ ከቃለ መጠይቆቻችሁ ሁለት ቦታ አውጡ፤ በአንዱ ጎበዝ ትጋትን፣ በሌላው ፈጣን አእምሮን እንደሚያመለክት ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ለአርታኢው ላኩ።